ሃያ ስድስት ቀን ወደ ግራ

ባሌ ገሌክ የሞተው የኮክ አበባ ረግፎ የወንዙን ዳር ዳር ሮዝ ባደረገበት ሰሞን ነው። ጠዋት የቅቤ ሻዩን ጠጣ፣ ሁለተኛውን ስኒ "አቆዪልኝ፣ ከብቶቹን አውጥቼ እመለሳለሁ" ብሎኝ ወጣ። ሲዘገይብኝ ብወጣ የበረቱ በር ላይ ተቀምጦ አገኘሁት። ስድሳ አራት ዓመቱ ነበር። አንድ ቀን እንኳ ታሞ ተኝቶ አያውቅም።

ልጆቼ መጡ። ወንዱ ራንግዶል የጭነት መኪና ሾፌር ነው፣ በቻምዶ መንገድ ይመላለሳል። ሴቷ ሴልዶን ቼንግዱ ከተማ ነርስ ናት። የመጀመሪያው ሰባት ቀን እስኪያልፍ አብረውኝ ሆኑ። አለቀሱ፣ ዕቃ አጠቡ፣ የቅቤ ኩራዝ አበሩ፣ ከዚያ ሥራቸው ጠራቸውና ሄዱ። አልፈርድባቸውም። ተምረው ሰው ይሁኑ ብዬ የላክኋቸው እኔው ነኝ።

እኛ ዘንድ የሞተ ሰው አርባ ዘጠኝ ቀን መንገድ ላይ ነው። የት እንደሚወለድ ገና አልተቆረጠለትም። በእነዚያ ቀናት የሚጸለይለት ጸሎት ለመንገደኛ ስንቅ ማለት ነው። አርባ ዘጠኙ ካለፈ በኋላ ብታለቅስም ብትጸልይም እሱ ደርሶ ገብቷል።

የገሌክ ትልቁ ስንቅ ደግሞ የጸሎት መዘውሩ ነበር። ከቤታችን ዝቅ ብሎ፣ ጅረታችን ከኛንግ ወንዝ ጋር የሚገናኝበት ቦታ ላይ ትንሽ የድንጋይ ጎጆ አለች። ውስጧ የእኔን ቁመት የሚያህል በርሜል ቆሟል፣ በጸሎት ወረቀት እስከ አፉ ተጠቅጥቆ በቆዳ የተለበጠ። ከሥሩ ጉድጓድ ውስጥ የእንጨት ክንፎች አሉት። ውሃው በተቦረቦረ ግንድ፣ በአሸንዳ ማለቴ ነው፣ ወርዶ ክንፎቹን ሲመታ በርሜሉ ይዞራል። አንድ ዙር በዞረ ቁጥር ደወል ይመታል፣ በውስጡ የተጻፈው ሁሉ አንዴ እንደተነበበ ይቆጠራል። ገሌክ ራንግዶል የተወለደ ዓመት በራሱ እጅ ነው የሠራው። የእኔ አፍ ይደክመዋል፣ ይተኛል፣ ሰው ይታመማል። ውሃ ግን አያርፍም። ገሌክ ሲሞት የመጣ ለቀስተኛ ሁሉ "አይክፋሽ፣ ሠላሳ ሦስት ዓመት ውሃውን አስጸልዮ ነው የሄደው" ይለኝ ነበር። እውነትም ያጽናናኝ እሱ ነው።

በአሥራ ሁለተኛው ቀን ሞቃት ነፋስ ነፈሰና የተራራው በረዶ ባንዴ ቀለጠ። ቀትር ላይ ጅረቱ ሞልቶ መጣ። ጎጆዋን አልነካትም። አሸንዳውንና የቆመበትን ድንጋይ ግን ጠራርጎ ወደ ወንዙ ወሰደው። ቤት ሆኜ ሊጥ እያቦካሁ ነበር። ደወሉ ቆመ። እጄ ሊጥ ውስጥ እንዳለ ሌላ ዙር ጠበቅኩ። አልመጣም።

ለራንግዶል ደወልኩለት።

"እማ፣ እንዳትነኪው። በሚቀጥለው ወር መጨረሻ እመጣለሁ፣ አብረን እንሠራዋለን።"

"በሚቀጥለው ወር መጨረሻ አባትህ ደርሷል።"

"እሺ ጎረቤት ጥሪ።"

"ጎረቤት ገብስ እየዘራ ነው። በዘር ሰዓት ማንን እጠራለሁ?"

"ታዲያ አንቺ መሐንዲስ ልትሆኚ ነው?" አለና ሳቀ። ሳቁ ቁርጥ የአባቱን ነው። ስልኩን ዘጋሁት።

እኔ የተወለድኩት ከወንዙ ማዶ ነው። የእኛ ቤት ሰዎች የቦን እምነት ተከታዮች ናቸው። እዚህ እንዳሉት ሁሉ ገብስ ይዘራሉ፣ በሶ ይበላሉ፣ ለተራራው ይሰግዳሉ። መቅደስ ሲዞሩ ግን ወደ ግራ ነው የሚዞሩት፣ መዘውራቸውም ወደ ግራ ነው። የገሌክ ሰዎች የቡድሃ እምነት ተከታዮች ናቸው፣ ሁሉንም ነገር ወደ ቀኝ ያዞራሉ። በሃያ ሁለት ዓመቴ ሳገባው፣ በሠርጌ ቀን ከኋላው ሆኜ መቅደሱን ወደ ቀኝ ዞርኩ። ከዚያ ወዲህ ሠላሳ ስድስት ዓመት ወደ ቀኝ ነው። ማንም አላስገደደኝም። የገሌክ ታላቅ እህት እትዬ ቾኪ ሲቆጡ "የግራ ልጅ" ከሚሉኝ በቀር ማንም አንስቶብኝ አያውቅም።

አሮጌው ወፍጮ ቤት የተጣለ የተቦረቦረ ግንድ ነበር፣ በላሟ አስጎተትኩት። ድንጋይ ደረደርኩ። በሦስተኛው ቀን ከጎጆዋ ሥር ያለው ጉድጓድ ውስጥ ገባሁ። ገሌክ በሕይወት እያለ እዚያ ገብቼ አላውቅም፣ የእሱ ቦታ ነበር። የቀድሞው አሸንዳ በየት በኩል እንደገባ ምልክቱን ጎርፉ አጥቦታል። ግን አልተጨነቅኩም። አባቴም የውሃ መዘውር ነበረው። በልጅነቴ ቅጠል ሲዘጋው ሰውነቴ ትንሽ ስለነበር ጉድጓዱ ውስጥ የምገባው እኔ ነበርኩ። ስለዚህ እጄ ያውቀዋል። የአሸንዳውን አፍ ከክንፎቹ ጋር አገናኘሁ፣ በጠፍር አሰርኩ፣ ወጥቼ የውሃውን ድንጋይ አነሳሁ። ዞረ። ደወሉ መታ። ጭቃው ላይ ቁጭ ብዬ እንደ ልጅ አለቀስኩ። አሥራ አምስተኛው ቀን ነበር።

ከዚያ በኋላ ሰው መምጣት አቆመ።

እትዬ ቾኪ ወንድማቸው ከሞተ ጀምሮ በየቀኑ ከሰዓት፣ ነፋሱ ከወንዙ አሸዋ ይዞ ሲነሳ፣ እያነከሱ ይመጡ ነበር። ሻይ እቀዳላቸዋለሁ። "ይሄ ሻይ ነው ወይስ ጨው ነው?" ይላሉ፣ ሦስት ስኒ ይጠጣሉ። ከአሥራ አምስተኛው ቀን ወዲህ ቀሩ። በሦስተኛው ሰባት ላማው፣ የመንደራችን መነኩሴ፣ መጽሐፍ ሊያነቡ ሲመጡ ሁለት ሽማግሌዎች ብቻ ተገኙ። በአራተኛው ላማው ብቻቸውን ነበሩ። ለሠላሳ ሰው ያዘጋጀሁትን ምግብ ለቁራና ለውሻ በተንኩት።

ለሰዉ ምክንያት ፈለግኩለት። መጀመሪያ ዘር ነው አልኩ። ዘሩ ሲያልቅ ደግሞ የትል ሣር ወቅት ገባ። ከሞተ ትል ራስ ላይ የሚበቅል መድኃኒት ነው፣ እሱን ለመቆፈር መንደሩ በሙሉ ድንኳኑን ተሸክሞ ተራራ ይወጣል። ሸለቆው ውስጥ ሽማግሌና ውሻ ብቻ ይቀራል። ጠዋት ጉም ወንዙ ላይ እንደ ተባዘተ ሱፍ ይተኛል። ጉሙ ሲነሳ ውሃው አሸዋው ላይ ሰባት ቦታ ተከፋፍሎ ይታያል፣ ዝቅ ብሎ አኻያዎቹ ጋ ሲደርስ ይገናኛል። እንደዚያ ዓመት ወንዙን አይቼው አላውቅም። ሌላ የማየው ነገር አልነበረማ። መቁጠሪያዬን ይዤ መዘውሩ ፊት እቀመጣለሁ፣ ይዞራል፣ ደወሉ ይመታል፣ ጥሩ ነው እላለሁ።

ሴልዶን ስትደውል "ሰው ይመጣል እማ? ብቻሽን አይደለሽም አይደል?" ትለኛለች።

"ቤቱ ሞልቷል፣ መቀመጫ ጠፍቷል" እላታለሁ።

አንድ ቀን እትዬ ቾኪን የመቅደሱ ግንብ ጥግ ላይ አገኘኋቸው።

"እትዬ፣ ምነው ጠፉ?"

"እግሬ ነው።"

"እዚህ ያደረሰዎት እግር እኔ ጋ አያደርስዎትም?"

"መንገድ ይመርጣል" አሉኝና አለፉ።

ሆድ ባሰኝ። ለካ የወንድማቸው ሚስት ስለሆንኩ ነበር የሚመጡት፣ ወንድማቸው ከሌለ እኔ ምናቸው ነኝ አልኩ። እንደዚያ ብዬ ዘጋሁት።

አርባ አንደኛው ቀን ላይ የጎጆዋን ደጃፍ እየጠረግኩ ሳለ አንድ ሽማግሌ መንገደኛ መጣ። የሱፍ ቦት ጫማ፣ ትንሽ ስልቻ፣ ረጅም ዱላ። የቦን ሰዎች ወደሚሳለሙት ወደ ቦንሪ ተራራ የሚሄድ ነው። ሰገደ፣ ጎጆዋን ሦስት ጊዜ ወደ ግራ ዞራት፣ ግንባሩን ግድግዳው ላይ አስነካ። የእኛ ቤት ወገን ነው፣ ልማዱ ነው ብዬ መጥረጌን ቀጠልኩ።

"እናቴ፣ ዕድሜ ይስጥሽ" አለኝ። "በዚህኛው ዳር የእኛን መዘውር አገኛለሁ ብዬ አላሰብኩም ነበር።"

"የእናንተ አይደለም አባቴ። ባሌ ነው የሠራው።"

"ባልሽ የእኛ ሰው ነበር?"

"አይ፣ የዚህ መንደር ሰው ነው።"

በርሜሉን አየ፣ እኔን አየ። "ታዲያ ምነው ወደ ግራ ይዞራል?"

ዞር ብዬ በርሜሉን አየሁት። በየቀኑ ሳየው የኖርኩትን ያን ቀን ገና አየሁት። ቀኝና ግራ እንደሚማር ሕፃን ቀኝ እጄን አነሳሁና ከበርሜሉ ጋር አስተያየሁት። ግራ ነው። ከጀመረበት ቀን አንስቶ ግራ ነበር። በርሜሉ የሚዞርበትን የሚወስነው አሸንዳው የሚገባበት ጎን ነው፣ እጄ ደግሞ ጉድጓዱ ውስጥ የሠራው የአባቴን ቤት መዘውር ነው።

"ክፉ ነገር ተናገርኩ እንዴ?" አለ ሽማግሌው ፊቴን አይቶ።

"የለም አባቴ። እውነት ነው የተናገሩት።" ስልቻው ውስጥ በሶ ጨመርኩለት። ሁለት ጊዜ ወደ ኋላ እያየኝ ሄደ።

ውሃውን በድንጋይ ዘጋሁት። ደወሉ ዝም ሲል ቆጠርኩ። ከአሥራ አምስት እስከ አርባ አንድ፣ ሃያ ስድስት ቀን። ወደ ግራ የዞረው እንዲያው ባይጸልይ ብቻ ኖሮ አንድ ነገር ነበር። የገሌክ ሰዎች እንደሚሉት ግን የተጸለየውን ወደ ኋላ ይፈታል። እንዝርት ወደ ኋላ ሲያሾሩት የተፈተለው ክር ይፈታ የለ? እሱ ብቻውን መንገድ ላይ ነው፣ እኔ ከኋላው ስንቁን እየፈታሁ ሜዳ ላይ ስበትነው ከርሜያለሁ።

ኮረብታው ላይ ላማው ጋ ወጣሁ። ሰገድኩ።

"ላማዬ፣ መዘውሩ ወደ ግራ ሲዞር ነበር።"

"አዎ" አሉ።

"ያውቁ ነበር?"

"መስኮቴ ወደዚያ ነው የሚያየው።"

"ታዲያ ምነው ሳይነግሩኝ?"

ስኒያቸውን አስቀመጡ። "አውቀሽ ያደረግሽው መሰለኝ። ባሏ ሲሞትባት ወደ አባቶቿ መንገድ ተመለሰች አልኩ። ያዘነ ሰው እናቱ ቤት መግባት ያምረዋል። ምን ብዬ ልከልክልሽ?"

"ሰዉስ?"

"ሰዉም እንደዚሁ ነው ያሰበው። እኔ ዝም ስል ዝም አለ። እኔ ጠይቄሽ ቢሆን ኖሮ እነሱም ይጠይቁሽ ነበር። ጥፋቱ የእኔም ነው።"

ከዚያ የመጣሁበትን ጠየቅኳቸው። "ገሌክ ምን ሆነ?"

ወደ መስኮታቸው ዞሩ። ጣሪያው ላይ ነፋሱ የጸሎት ጨርቆቹን ያማታል።

"አላውቅም" አሉ። "መምህሬ ቢኖሩ ያውቁ ነበር። እኔ መጽሐፍ አንባቢ ነኝ። ስትሠሪው ልብሽ ከእሱ ጋር ነበር፣ ያ ይቆጠራል። ሌላውን አላውቅም ልጄ። ስምንት ቀን ቀርቶሻል። ሂጂና አዙሪው።"

ምናለ ቢዋሹኝ እያልኩ ነው ኮረብታውን የወረድኩት።

አሸንዳውን ወደ ሌላው ጎን ማዛወር ለብቻ አይሆንም። መጀመሪያ ደረቅ ነበር፣ አሁን ግንዱ ውሃ ጠጥቶ ከብዷል። እኔ ጉድጓድ ውስጥ ሆኜ ሳገናኘው ከላይ በገመድ የሚይዘው ሰው ያስፈልጋል። የቀረው ሰው ደግሞ ያው ነው። እትዬ ቾኪ ደጃቸው ላይ ተቀምጠው ሱፍ እየፈተሉ ነበር።

"ምን ፈለግሽ?"

"ሰው።"

"ሰው ተራራ ላይ ትል እየለቀመ ነው።"

"እርስዎን ነው የፈለግኩት። ገመድ እንዲይዙልኝ። መዘውሩን ወደ ቀኝ ልመልሰው ነው።"

እንዝርቱ ቆመ። "ግራው ሰለቸሽ እንዴ?"

"አላወቅኩም ነበር እትዬ።"

"አላወቅሽም።" ሳቅ የሚመስል ነገር አወጡ። "የወንድሜ መኝታ ሳይቀዘቅዝ የሠላሳ ዓመት ሥራውን ወደ ኋላ ስታስኬጂው አላወቅሽም። እኔ እዚህ ተቀምጬ ደወሉን እሰማለሁ። በመታ ቁጥር እዚህ ነው የሚመታኝ፣ ደረቴ ላይ። አንድ ቀን ትፈራለች፣ ሁለት ቀን ታፍራለች ብዬ ጠበቅኩ። ጭራሽ መጥተሽ መንገድ ላይ 'ምነው ጠፉ' ትይኛለሽ።"

"መጥተው በዱላ ቢሉኝስ ምናለ?"

"አውቀሽ መስሎኝ! ያወቀን ሰው በዱላ ምን ታደርጊዋለሽ?"

"አላወቅኩም።"

"ዓይን የለሽም? በየቀኑ ፊቱ ቁጭ እያልሽ።"

"አየሁት እትዬ። በየቀኑ አይቼዋለሁ። ለዓይኔ ልክ ነበር የሚመስለው።"

ይሄን ልናገር አልመጣሁም ነበር። ከአፌ ወጣ። ከሁሉም የሚከፋው ይሄ እንደሆነ ስናገረው ነው የገባኝ።

እትዬ ቾኪ እንዝርቱን ጉልበታቸው ላይ አስቀመጡ። "ሠላሳ ስድስት ዓመት ቀኙ ልክ አይመስልሽም ነበር ማለት ነው?"

"እንጃ። አላስተዋልኩትም። እሱን እየተከተልኩ ነበር የምሄደው።"

ሱፉን ቅርጫት ውስጥ ከተቱ። ከዚያ "ጫማዬን አቀብዪኝ" አሉ። ጎንበስ ብዬ ሳጠልቅላቸው ከላይ ሆነው "ወንድሜ ሊያገባሽ ሲል ግትር ናት ብዬው ነበር" አሉኝ። "ደደብ መሆንሽን ግን አልነገርኩትም። አላወቅኩማ።"

"አሁን አወቁ።"

"አሁንማ አወቅኩ።"

ውሃው በበጋ መግቢያም በረዶ ነው። እስከ ወገቤ ገባሁ። እትዬ ቾኪ ድንጋይ ላይ ተቀምጠው ገመዱን ወገባቸው ላይ ጠምጥመው ያዙልኝ። ከላይ ሆነው ሲሳደቡ ደግሞ እግራቸው የሚያማቸው ሰው አይመስሉም።

"ወደ ቀኝ አልኩሽ።"

"ቀኝ ነው።"

"ቀኝ ማለት በሶ የምታሺበት እጅ ነው።"

"ገመዱን ላላ ያድርጉልኝ።"

"ምላስሽ መላላቱ ይበቃል፣ ገመዱ ይቆይ።"

አሸንዳው ገባ። አሰርኩት። ወጥቼ የውሃውን ድንጋይ ሳነሳ በርሜሉ መጀመሪያ ተንቀጠቀጠ፣ ያመነታ መሰለ፣ ከዚያ ዞረ። ደወሉ መታ። እትዬ ቾኪ እጃቸውን ግንባራቸው ላይ አገናኝተው "አሁን ነው" አሉ፣ እንባቸው ወረደ። እኔም እጄን አገናኘሁ። ለእኔ ግን በርሜሉ ወደ ኋላ የሚሄድ ሰው ይመስል ነበር። አልነገርኳቸውም።

ስምንቱን ቀን ከጎጆዋ አልራቅኩም። ውሃውን እስከ መጨረሻው ለቀቅኩት። እሱ አልበቃ ብሎኝ በርሜሉን በእጄ እየገፋሁ አብሬው ወደ ቀኝ እዞራለሁ። እትዬ ቾኪ በየከሰዓቱ እየመጡ ሻይ አፍልተው ይጠብቁኛል።

"እንዲህ ስታሽከረክሪው ወንድሜ የሚደርስበትን አልፎ ይሄዳል" አሉኝ አንድ ቀን።

"ሃያ ስድስት ቀን በስምንት ቀን እንዴት ይመለሳል እትዬ?"

"እኔ ምን አውቃለሁ። ጠጪ፣ ቀዘቀዘ።" ቀምሰው ደግሞ "ጨው አነሰው" አሉ። ራሳቸው ያፈሉት ሻይ ነው።

በአርባ ዘጠነኛው ቀን ሰዉ ከተራራ ወረደ። ፊቱ በፀሐይ ጠቁሮ፣ ጥፍሩ ጭቃ ይዞ። ላማው ሳይነግሯቸው አልቀሩም። ለኩራዙ ያመጡትን ቅቤ እጄ ላይ እያስቀመጡ ያልፋሉ፣ ቀና ብለው አያዩኝም። የላይኛው ጎረቤታችን አኩ ታርጌ ብቻ አጠገቤ ቁጭ አለና "ባለፈው ዓመት የእኔን ጣሪያ ስጠግን ነው ልጠራሽ የሚገባኝ ለካ" አለኝ። "በሩን ከኋላ ታደርጊልኝ ነበር።" ጥቂት ሰው ሳቀ። እኔም ሳቅኩ። ሲስቁ ነው የቀረቡኝ። ለሴልዶን ደውዬ "ሰው መጥቷል" አልኳት፣ ያን ጊዜ እንኳ አልዋሸሁም።

መጨረሻ ላይ የሟቹ ስም የተጻፈበት ወረቀት በኩራዝ እሳት ይቃጠላል። ሰው ሁሉ አንገቱን አስግጎ ነበልባሉን ያያል። ጭስ ሳያበዛ ጠርቶ ከነደደ ሰውየው በጎ ቦታ ተወልዷል ይባላል። ላማው ወረቀቱን እሳቱ ላይ ያዙት። ወዲያው አልያዘም። አንደኛው ጥጉ ጠቁሮ ጨሰ። እትዬ ቾኪ ክንዴን ጨበጡኝ። ከዚያ ቢጫ ሆኖ ነደደ፣ አለቀ።

"መልካም ነው" አሉ ላማው።

ሁሉም ተነፈሰ። እኔ ላማውን አየኋቸው። እሳቸው አመዱን ነበር የሚያዩት። ለእኔ ብለው ይሁን እውነት ሆኖ አልጠየቅኳቸውም። አንድ ጊዜ ጠይቄያቸው ነበር፣ እውነቱን ነግረውኛል። ሁለተኛ አንድን ሰው እንደዚያ አያስጨንቁትም።

ሰዉ በልቶ ጠጥቶ ወደ ተራራው ተመለሰ፣ ወቅቱ አይጠብቅም። እትዬ ቾኪ ስኒዎቹን አጥበው፣ አጠቡልኝ ብዬ እንዳላመሰግናቸው እያጉረመረሙ ቤታቸው ገቡ። ነፋሱ ተነስቶ አሸዋውን ከወንዙ ዳር ወደ ማዶ፣ ወደ እናቴ አገር እየነዳው ነበር። ጎጆዋ ጋ ወረድኩ። ከአሁን በኋላ የምጸልይለት ጸሎት አይደርሰውም፣ አውቃለሁ። ግን አፌ ለምዶታል። ገሌክ፣ የትም ተወለድ፣ ከማንም ተወለድ፣ ስትሳሳት የሚነግርህ ሰው ያለበት ቤት ይሁን አልኩት።

ከዚያ በርሜሉ ፊት ተቀመጥኩና ዓይኔን ጨፈንኩ። አሁንም እንደዚያው ነው የምቀመጠው። ዓይኔን ስገልጥ በርሜሉ ወደ ኋላ የሚሄድ ይመስለኛል። ስጨፍን ውሃ ብቻ ነው።